መስጊዱም የጀመዓው ነው፣ ክፍለ ከተማውም የነዋሪው ነው

ርዕሰ አንቀጽ፤ መጋቢት መጨረሻ 2005 ዓ.ም.





ሰሞኑን ከጁምዓ ሰላት በኋላ በየመስጊዶቻችን በር ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። «ሚያዝያ 6 ምን ልናደርግ ነው?» ይላል አንዱ ጫማውን እያጠለቀ። ሌላው ፈጥኖ ይመልስለታል፤ «የመረጥናቸው ወኪሎቻችን ታስረው እኛ ካርድ ይዘን ልንሰለፍ?» ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካልሄድን ስማችን ይያዛል፤ ነገ መታወቂያ ልናሳድስ ስንሄድ ምን ይሉናል?» ይላል። አራተኛው ደግሞ «ሄድንም ቀረንም ያው ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። አራቱም ወንድሞቻችን ናቸው። በአራቱም ንግግር ውስጥ እውነት አለ። የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን ለአራቱም የተጻፈ ነው።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። እኛ የማንም ፓርቲ ልሳን አይደለንም። «እከሌን ምረጡ፣ እከሌን አትምረጡ» አንልም። በ2004 ጥር ወር ከአወሊያ ግቢ የተነሱት ጥያቄዎቻችን ሦስት ነበሩ፤ ዛሬም ሦስት ናቸው። መጅሊሱን ሙስሊሙ ራሱ በመስጊዱ ይምረጥ፤ የአህባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፤ አወሊያ ሙስሊሙ በመረጠው ቦርድ ይተዳደር። ከእነዚህ ውስጥ አንድም የሥልጣን ጥያቄ የለም። ነገር ግን «ሥልጣን አልጠየቅንም» ማለትና «የምንኖርበትን ክፍለ ከተማ ማን ያስተዳድረው አያገባንም» ማለት ለየቅል ናቸው። ሰላማዊ ትግላችን መንግስት ከመስጊዳችን እጁን እንዲያነሳ ነው እንጂ እኛ ከአገራችን ጉዳይ እጃችንን እንድናነሳ አይደለም።

እስቲ የሚመረጠውን ወንበር ቀረብ ብለን እንየው። አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከ180 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሮበታል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስንቱ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶ ስንቱ ሰው እንደገባበት ሁላችንም እናያለን። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከእኛው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚቀዳ ነው። የከተማዋ ቆሻሻና የፋብሪካዎች ፍሳሽ ደግሞ በወንዞቻችን አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በዚያው ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይመረታል፣ ከብት ይጠጣል፣ ልጅ ይዋኛል። ንጹሑን ሰጥተን ቆሻሻውን የምንቀበል ሰፈር ነን። ጉምሩኩ እኛ ጋ ነው፤ የከባድ መኪናው ሰልፍ እኛ ጋ ነው፤ ማረሚያ ቤቱም እኛ ጋ ነው። ለአገሩ ሰው «ቃሊቲ» ማለት እስር ቤት ከሆነ ቆይቷል። ለእኛ ግን ቃሊቲ ቤታችን ነው።

በዚህ ሰፈር የዕለት ኑሯችንን በቅርብ የሚነካው ባለሥልጣን ሚኒስትር አይደለም፤ የክፍለ ከተማው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው። የመሬት ጉዳይ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ደንብ ማስከበር፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ሁሉ በእርሱና በካቢኔው እጅ ያልፋሉ። በጠርዙ ያለው ገበሬ መሬቱ ለልማት ሲለካበት፣ ካሳውና ምትክ ቦታው የሚታየው በዚሁ መስመር ነው። የአምልኮ ቦታም ቢሆን ከዚህ አይወጣም። በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ለእምነት ተቋማት የሚሰጥ መሬት በጨረታ ሳይሆን በምደባ ነው። ይህ ማለት መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚያርፍበት መሬት የሚገኘው በባለሥልጣን ውሳኔ ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ፊርማ ከላይ ቢሆንም ፋይሉ ጉዞውን የሚጀምረው ከታች ነው፤ ፋይል የሚጠፋውም ከታች ነው።

ከመካከላችን አንዱ የሆነ መምህር በአንድ ወቅት በአንድ የመንግስት ቢሮ ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን ተመላልሶ ተቀምጧል። ጉዳዩ ትልቅ አልነበረም። ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት መድረሳ አንድ መጸዳጃ ብቻ ነበረው፤ ሁለተኛ ለመሥራት ፈቃድ ፈለገ። በአግዳሚው ላይ አጠገቡ የእድራቸው ዕቃ ማስቀመጫ የፈረሰባቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከእርሳቸው ቀጥሎ የካሳው ስሌት ያልገባቸው አንድ ገበሬ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ሦስቱም የሚጠብቁት አንድ ሰው ነበር። ለሦስቱም የተሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው።» በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ወደ መምህሩ ዞር ብለው «ልጄ፣ ለመሆኑ እኚህን ሰው ማን ነው የመረጣቸው?» አሉት። አላወቀም። ገበሬውም አላወቁም። ልጆችን አስተምራለሁ የሚል ሰው የገዛ ሰፈሩን አስተዳዳሪ ማን እንደሚመርጥ አያውቅም ነበር።

ይህ የእርሱ ብቻ ጉድለት አይደለም፤ የብዙዎቻችን ነው። መልሱ እንዲህ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የአዲስ አበባ ከተማ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ከንቲባውንም ሆነ የክፍለ ከተማውን ዋና ሥራ አስፈጻሚ እኛ በቀጥታ አንመርጥም። እኛ የምንመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው። 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤት ከንቲባውን ይመርጣል፤ የክፍለ ከተማው ምክር ቤት ደግሞ ሥራ አስፈጻሚውን ይሰይማል። ሥራ አስፈጻሚው ተጠሪነቱ በአንድ በኩል ለምክር ቤቱ፣ በሌላ በኩል ለከንቲባው ነው። ስለዚህ ከእኛ እስከ እርሱ ወንበር ድረስ ድልድይ አለ፤ ድልድዩም የምክር ቤት አባሉ ነው። የምክር ቤት አባሉ አፍ ከሌለው ድልድዩ ተሰብሯል ማለት ነው። ምክር ቤቱ በሙሉ የአንድ ፓርቲ ሲሆን ደግሞ እጅ የሚወጣው በአዳራሹ ቢሆንም ነገሩ የሚያልቀው አስቀድሞ ሌላ ቦታ ነው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጎረቤታችን ኬንያ ባለፈው የካቲት 25 ምርጫ አድርጋለች። በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው አዲስ ሕገ መንግስት አገሪቱ በ47 ካውንቲዎች ተከፍላለች፤ የእያንዳንዱ ካውንቲ ገዢ በነዋሪው ቀጥተኛ ድምፅ ሲመረጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። መራጩ በዚያ ቀን ስድስት ወረቀት ተሰጠው፤ አንዱ ለፕሬዚዳንቱ ነው፣ አንዱ ደግሞ ለካውንቲው ገዢ። የሞምባሳ ሰው ሐሰን ጆሆን ሲመርጥ ስሙን አይቶ፣ ፎቶውን አይቶ፣ ነገ በማን በር እንደሚቆም አውቆ ነው። ሙስሊሞች በሚበዙባቸው በጋሪሳ፣ በዋጅርና በማንዴራም እንዲሁ ሆኗል። ኬንያ ገነት ናት አላልንም። ብርና ጎሳ ምርጫን ምን እንደሚያደርጉ ከአምስት ዓመት በፊት ከሺህ በላይ ሰው የሞተበት ጊዜ ምስክር ነው። ዘንድሮ ግን ስለ ፕሬዚዳንቱ የተነሳው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጋቢት 21 ውሳኔ አግኝቷል። ቀጥተኛ ምርጫ መልካም አስተዳዳሪን አያረጋግጥም። ቢያንስ ግን «ይህን ሰው ማን መረጠው?» ለሚለው የእናቲቱ ጥያቄ መልስ አለው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። አዲስ አበቤ ድምፁን መስጠት የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። በግንቦት 1997 ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጥቶ ነበር። ተመራጮቹ ግን ከተማዋን ሳይረከቡ ቀሩ፤ አዲስ አበባ በባለአደራ አስተዳደር ቆይታ በ2000 ሌላ ምርጫ ተደረገ፤ ኢሕአዴግም አሸነፈ። ዘንድሮ ደግሞ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች «ሜዳው አልተስተካከለም» ብለው ወጥተዋል። እንግዲህ ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ሄድንም ቀረንም ያው ነው» ያለው ወንድማችን ከዚህ ተነስቶ ነው የተናገረው። አንወቅሰውም።

ለመጀመሪያው ጠያቂ ወንድማችንም ጥያቄው ቀላል አይደለም። ባለፈው መስከረም 27 የመጅሊስ ምርጫ ተብሎ በየቀበሌው አዳራሽ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። «መስጊድ እያለን ለምን ቀበሌ?» ብለን ጠየቅን። መልስ አላገኘንም። ጥያቄያችንን ይዘው ወደ መንግስት የሄዱት ወኪሎቻችን ከሐምሌ 2004 ጀምሮ ታስረዋል፤ በጥቅምት 2005 ደግሞ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። አሁን ወደዚያው አዳራሽ፣ ወደዚያው ወንበርና ጠረጴዛ ሂዱ ስንባል ልባችን ቢሸክክ አያስገርምም።

ነገር ግን ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መስከረም 27 የተቃወምነው ቀበሌ የሚባለውን ቤት አልነበረም። የተቃወምነው የዲናችን ጉዳይ ያለ ቦታው መግባቱን ነው። ሕገ መንግስቱ በአንቀጽ 11 መንግስትና ሃይማኖትን ለይቶ አስቀምጧል፤ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይግባ ብሏል። ይህ አጥር ሁለት ፊት አለው። የመጅሊስ ምርጫ ቦታው መስጊድ ነው፤ የምክር ቤት ምርጫ ቦታው ቀበሌ ነው። ቀበሌው የካድሬው የግል ቤት አይደለም፤ በእኛም ግብር የቆመ የሁላችንም ቤት ነው። «የመስጊዱ ምርጫ ቀበሌ አይግባ» ያልን ሰዎች «የቀበሌውም ምርጫ መስጊድ አይግባ» ማለት አለብን። ስለዚህ የየትኛውም ፓርቲ ቅስቀሳ በመስጊድ ግቢ አይደረግ። ኢማሞቻችን ከሚንበር ላይ ሆነው እጩ አያሞግሱ፣ እጩ አይንቀፉ። የእኛም ወጣቶች ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። ሰላማዊነታችንና እውነተኛነታችን የሚለካው ለራሳችን በሚመቸን ቦታ ላይ ብቻ አይደለም።

ይህን ስንል ግን መስጊድ ስለ አስተዳዳሪ ጭራሽ አይጠየቅም ማለታችን አይደለም። ታሪካችን ሌላ ያስተምረናል። የኩፋ ሰዎች በገዢያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ላይ ለኸሊፋው ለዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ክስ አቀረቡ። ሰዕድ ማን ናቸው? በሕይወት እያሉ በጀነት ከተበሰሩት አሥር ሰሃቦች አንዱ፣ የቃዲሲያ ጦር መሪ ናቸው። ዑመር ግን «እንዲህ ያለ ሰው አይከሰስም» አላሉም። «ማን አባቱ ነው የሚከሰው?» ብለውም ከሳሹን አላሳደዱም። ሰዕድን ከቦታቸው አንስተው ዓማር ኢብኑ ያሲርን (ረ.ዐ) ሾሙ፤ ነገሩን የሚያጣራ ሰውም ወደ ኩፋ ላኩ። አጣሪው ምን አደረገ? መስጊድ ለመስጊድ እየዞረ ነዋሪውን ጠየቀ። በየመስጊዱ ያለው ሰው ስለ ሰዕድ መልካም መሰከረ። በአንድ መስጊድ ብቻ አንድ ሰው ተነስቶ ፍትህ ያጓድላል፣ ሲያካፍል እኩል አያካፍልም ብሎ ወነጀላቸው። ሰዕድም ሐሰተኛ ከሆነ በሚል ዱዓእ አደረጉበት፤ ሰውየው በእርጅናው የደረሰበትን ኪታብ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። ዑመርም በኋላ ሰዕድን ያነሷቸው በድክመት ወይም በክህደት እንዳልነበረ ተናግረዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። የመጀመሪያው፣ አስተዳዳሪ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ይጠየቃል፤ የሚጠየቀውም በሚያስተዳድረው ሕዝብ መካከል ነው። ሁለተኛው፣ ጠያቂም ይጠየቃል። ያላየነውን አየን፣ ያልሆነውን ሆነ ብለን በአስተዳዳሪ ላይ መመስከር ሐራም ነው። በደላችን በቂ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት እጩዎች በራችንን ያንኳኳሉ። ብዙዎቹ ባዕድ አይደሉም፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ በእድር አብረን እንቀብራለን። ጋሼና እትዬ የምንላቸው ናቸው። በአክብሮት እናስቀምጣቸው፤ ሻይ እናቅርብ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሆነን፣ ቢቻል ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን፣ እነዚህን እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ተመርጠው ምክር ቤት ሲገቡ ለዋና ሥራ አስፈጻሚነት እጅዎን የሚያወጡት ለማን ነው? ስለዚያ ሰው ምን ያውቃሉ?

ሁለተኛ፦ ሥራ አስፈጻሚው ለምክር ቤቱ ሪፖርት ሲያቀርብ ነዋሪው ገብቶ መስማት እንዲችል ይጠይቃሉ? እርስዎስ ተነስተው ጥያቄ ያቀርባሉ ወይስ ለማጨብጨብ ነው የሚሄዱት?

ሦስተኛ፦ የወንዞቻችን ጉዳይ የማን ነው? ፍሳሹን የሚለቀው ፋብሪካ በስሙ ተጠርቶ ሲጠየቅ እናያለን ወይ?

አራተኛ፦ የመሬት ካሳ፣ የእድር ቤት፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ቦታ፣ የመካነ መቃብር ጥያቄ ለሚያቀርብ ሰው በስንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጠዋል? እምቢታም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» መልስ አይደለም።

አምስተኛ፦ በመስጊዳችን ኢማምና ኮሚቴ ምርጫ ውስጥ አስተዳደሩ እጁን ሲያስገባ ቢያዩ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው ይናገራሉ?

መልሳቸውን ከነቀኑ በደብተር እንጻፍ። አናስፈርማቸው፣ አናስፈራራቸው፤ እንጻፍ ብቻ። ይህ ደብተር ከዓመት በኋላ ይፈለጋል። ሕገ መንግስቱ በአንቀጽ 12 መራጩ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ደንግጓል። ይህ መብት እስካሁን ወረቀት ላይ ተኝቷል። መብት ግን ጠያቂ ሲያጣ ነው የሚተኛው፤ ማስረጃ ይዞ የሚጠይቅ ሲመጣ ቢያንስ ይገላበጣል።

ካርድ አውጥተህ ልትመርጥ ያሰብክ ወንድማችን፣ ምረጥ። ካርድሽን ይዘሽ የምትሄጂ እህታችን፣ ሂጂ። በሕጉ ድምፅ ምስጢር ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ከአላህ በቀር የሚያይሽ የለም፤ እዚያ ማንንም አትፍሪ። ካርዳችሁን ለሌላ አትስጡ፣ በሌላ ሰው ስም አትምረጡ፤ አማና ነው። ወኪሎቼ ታስረው ልቤ እሺ አላለኝም ብለህ የምትቀር ወንድማችንም፣ አለመምረጥም መብትህ ነው። ከፍርሃት የተነሳ መሄድም ሆነ ከንዴት የተነሳ መቅረት ግን ሁለቱም ራስን ለሌላ ሰው ማስረከብ ነው። አስባችሁ ወስኑ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሄደው የቀረውን «ፈሪ»፣ የቀረው የሄደውን «ሙናፊቅ» እንዳይለው አደራ እንላለን። ሶፋችን በሰላት እንደተገጣጠመ ይኑር። በካርድ ምክንያት የተከፋፈለ ጀመዓ ማንንም አይጠይቅም፤ ማንም አይሰማውም።

ከሚያዝያ 6 እና 13 በኋላስ? ትልቁ ሥራ ያኔ ይጀምራል። አዲሱ ምክር ቤት ተሰብስቦ ሥራ አስፈጻሚውን ሲሰይም ስሙን እንወቅ፤ የቢሮውን በር እንወቅ፤ ባለጉዳይ የሚያስተናግድበትን ቀን እንጠይቅ። ሙስሊም ስለሆን ይቅደምልን አንልም። በአግዳሚው ላይ ከእኛ በፊት የተቀመጡት እናት ይቅደሙ። የምንጠይቀው ተራችን እንዲደርስ ነው። የውሃው ወረፋ፣ የጤና ጣቢያው ደጅ፣ የቀበሌው ምልልስ ሸክሙ ከማንም በላይ በእህቶቻችን ትከሻ ላይ ነውና ጥያቄውም በእነርሱ አፍ ይነገር፤ ወንዶች ብቻ ተሰብስበን የምናወጣው ዝርዝር ጎዶሎ ነው።

ያቺ እናት ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቁን ቢያንስ እንዲህ ብለን እንመልሳለን፤ «እማማ፣ እኛ በቀጥታ አልመረጥናቸውም። የመረጧቸው ግን በእኛ ስም የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውም ቃላቸውም እዚህ ደብተር ላይ አለ። ነገ አብረን እንሂድና እንጠይቃቸው።»

አላህ ለአገራችን ፍትህን፣ ለታሰሩ ወንድሞቻችን ፈረጃን፣ ለሁላችንም ጽናትን ይወፍቀን። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ!